ከፊት እቀመጣለሁ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ወለሉን በጠመኔ ሞላሁት። ማለቴ አናጢው ሞላው... እኔ እየጠቆምኩ፣ እሱ እያጎነበሰ። ባዶ ሱቅ ደስ ሲል! ድምፅ ያስተጋባል። አቧራው ግን ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

አናጢው በዕድሜ ለአባቴ ምንም አይቀረው፣ ግን "እትዬ" ነው የሚለኝ። "እትዬ፣ መተላለፊያው ስንት ይሁን?" ሲለኝ ሜትር አላወጣሁም። በዊልቸሬ እየነዳሁ አሳየሁት። ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ጎማው ያለፈበትን በጠመኔ ተከተለኝ።

"ይኸው ሜትሬ" አልኩት።

"ይሄማ መተላለፊያ አይደለም፣ አደባባይ ነው" አለና ሳቀ።

አደባባይ ይሁን! ሰው እየተጋፋ የሚገዛበት ሱቅ ሞልቷል።

አባታችን ለእኔና ለወንድሜ የተወልን ሱቅ ነው። ከአንድ ፎቅ ሥር፣ መንገድ ዳር። አንድ ልብስ ሰፊ ለዓመታት ተከራይቶት ነበር፣ አሁን ለቀቀ። የጨዋታ ሱቅ ሊሆን ነው። ቦርድ ጌም፣ ካርታ፣ በእጅ የሚቀቡ ትንንሽ ወታደሮችና ጭራቆች፣ ቀለማቸው፣ ብሩሻቸው። መኻሉ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ። ቁጭ ብሎ መጫወቻ። የገዛም ያልገዛም።

ወንድምጋሼ ከሰዓት ደወለ። "የምትከፍቺው ሌባ የሚወደውን ሱቅ ነው። ሁሉም ነገር ኪስ ውስጥ የሚገባ!" አለኝ። ገና እኮ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው... ምኑ ይሰረቃል?

ረቡዕ፣ ጥር 8

ወንድምጋሼ የካሜራ ሰውዬ ይዞ መጣ። ካሜራ የሚሸጥ፣ የሚገጥም፣ ስለ ሌባ ሲያወራ ዓይኑ የሚበራ ሰውዬ። እጄን ጨበጠኝና ከዚያ በኋላ ረሳኝ። ወሬው ሁሉ ከወንድሜ ጋር፣ ከጭንቅላቴ በላይ።

"ባንኮኒው እስከ ደረት ይሁን። ከላዩ መስታወት። ዕቃው በሙሉ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። መኻሉን በመደርደሪያ መሙላት ነው፣ ጠረጴዛ ምን ያደርጋል? የሚቀመጥ ሰው አይገዛም። አንድ ጠንከር ያለ ወጣት ከፊት ይቁም። እሳቸው ከኋላ ክፍል ሆነው በስክሪን ይከታተሉ።"

"'እሳቸው' እዚህ ናቸው" አልኩት። "ጆሯቸውም ይሰማል።"

ፊቱ ቀላ። ወንድምጋሼ ሳል መጣበት።

ቀጠልኩ። ባንኮኒው እስከ ደረት ከሆነ የማን ደረት? የእኔ ከሆነ እሺ፣ እስማማለሁ። ካሜራ ሁለት ይበቃኛል፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከኋላ። አላርምም አስገባለሁ። ግን ሰው ካርታ ለማየት ቁልፍ የሚለምንበት ሱቅ አልከፍትም። ይሄ ጨዋታ ነው! ሰው ሳጥኑን አገላብጦ፣ ጀርባውን አንብቦ፣ ነቅነቅ አድርጎ ነው የሚወደው። ከኋላ ክፍል ደግሞ... እዚያስ ራሱ ይቀመጥ።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ወንድምጋሼ፦ "ለምን ሰው ታዋርጃለሽ?" አለኝ።

እኔ ነኝ ያዋረድኩት?

ሐሙስ፣ ጥር 9

ከኋላ ክፍል! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እሑድ፣ ጥር 12

እማዬ ቤት ምሳ። ገና እንደተቀመጥን ወንድምጋሼ ጀመረው። የራሱ ሱቅ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ምስማር የሚሸጥ ነው። ከልጅነቱ እዚያ ውስጥ ነው ያደገው፣ ንግድ ያውቃል። ያንን አልክድም።

"እኔ የማወራው ስለ ሌባ ነው፣ አንቺ ሌላ ነገር ታደርጊዋለሽ" አለ።

"እና ከኋላ ክፍል ምን አመጣው?"

"ሌባ ደካማ ሲያይ..." አለና አቆመ።

ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ቀረ። እማዬ ሳህን ማንሳት ጀመረች፣ ገና ሳንጨርስ።

አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ወደ ሥራ የሚወስደን መኪና ከተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ከኋላ ክፍል አለልኝ። መሥሪያ ቤቴ ከእንግዳ መቀበያ አንስቶ ፋይል ክፍል ወረወረኝ፣ "እንዳትደክሚ" ብሎ። ሠርግ ላይ ጥግ ያስቀምጡኛል፣ "እንዳትጋፊ" ብለው። ክፋት አይደለም። ለእኔ አስበው ነው... ግን ሁሌ አስበው የሚያስቀምጡኝ ቦታ ማንም የማያየኝ ቦታ የሚሆነው ለምንድነው?

ሥራውን የለቀቅኩት ለዚህ ነው። ሌላ ፋይል ክፍል ልገነባ አይደለም።

"ግማሹ ሱቅ የእኔም ነው" አለኝ ወንድምጋሼ ስንወጣ።

"ግማሹን ውሰድ። ከኋላ ያለውን" አልኩት።

እማዬ ሳቋን በእጇ ያዘችው። አየኋት!

ማክሰኞ፣ ጥር 21

መደርደሪያዎቹ ገቡ። መኻል ያሉት ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ተቀምጬ በላያቸው አሻግሬ የማይ። ረጃጅሞቹ ግድግዳ ላይ። ባንኮኒው በሩ አጠገብ፣ እግሬ ከሥሩ የሚገባበት ዝቅ ያለ። ፊት ለፊቱ ሁለት በርጩማ። የሚከፍል ሰው ይቀመጥ።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚጫወቱትን ጓደኞቼን ጠርቼ "ስረቁኝ" አልኳቸው።

ሁለት ናቸው። ሲስተር፣ ሆስፒታል ሳለሁ የነበረችኝ ነርስ። ካርታ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ግድግዳ እያየሁ ስተኛ ደብሯት። አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ እስከ ዛሬ አሸንፌያት አላውቅም። ሌላው ጢሞ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ጢሙ ደረቱ ይደርሳል። በዚያ ወፍራም ጣቱ ከጥፍር የምታንስ የወታደር ፊት ላይ ቅንድብ ይስላል።

ባዶ ሳጥኖችና የቀለም ብልቃጦች ደረደርን። እኔ ባንኮኒዬ ላይ። እነሱ እንደ ገዢ ገቡ። ጢሞ ወዲያው ተያዘ። ሌብነት ላይ ዜሮ ነው፣ ሰውነቱን ሁሉ ያልበዋል። ሲስተር ግን... ወይ ሲስተር! እያወራችኝ፣ ጤናዬን እየጠየቀችኝ፣ ግማሹን ሱቅ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከበሽተኛ መርፌ ስደብቅ የኖርኩ ነኝ እኮ" አለች፣ ሳጥን ከብብቷ እያወጣች።

ደጋግመን ሞከርነው። አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ፊት አላይም፣ እጅ ነው የማየው። ሰው ቆሞ ሲያልፍ እጁ ዓይኔ ፊት ነው። ኪስ፣ ብብት፣ ቦርሳ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው ያለው። ሲስተር የበለጠችኝ ከላይኛው መደርደሪያ ስታወርድ ብቻ ነው። እሱ አይታየኝም።

ስለዚህ ቀየርነው። ትንንሹ ነገር ሁሉ፣ ቀለሙ፣ ዳይሱ፣ ካርታው ወደ ታች ወረደ፣ ዓይኔ ትይዩ። ላይኛው ላይ ትልልቅ ሳጥን ብቻ፣ እሱም ባዶውን። ዕቃው ከኋላ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ የፈለገ ከእኔ ይወስዳል። ውድ ውዶቹ ነጠላ ካርታዎች ባንኮኒው ውስጥ፣ ከመስታወት ሥር፣ ክርኔ አጠገብ። አራት የመጫወቻ ጠረጴዛ መኻል ላይ። ተጫዋች ባለበት ሱቅ ማን ደፍሮ ይሰርቃል? ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

ሲስተር ደግማ ሞከረች። ሦስቴ ያዝኳት። "ሙያው አልቆብኛል" አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 1

ተሰረቅን።

ገና ሳንከፍት። ከኋላ ባለው ትንሽ መስኮት ገብተው። አናጢው ነው መጀመሪያ ያየው፣ ጠዋት ደወለልኝ። ስደርስ የመስኮቱ መስታወት ተሰባብሮ መሬት ላይ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ሳጥኖቹ የሉም። ዕቃው ገና አልገባም፣ ባዶ ካርቶን ተሸክመው ሄዱ! አሁን ቤታቸው ከፍተው ሲያዩት... ትንሽ ሳቅሁ።

ከዚያ የጢሞን መደርደሪያ አየሁ።

የመስኮቱ ማሳያ እንዲሆን የሰጠኝ ወታደሮቹ። ሁሉንም ወስደዋል። ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ሌላው ሰው ተኝቶ፣ በዓመታት የቀባቸው። ለሌባ ምንም አይደሉም፣ የላስቲክ አሻንጉሊት ናቸው። ሽጦም አይጠቅመው።

ጢሞ መጣ። ባዶውን መደርደሪያ አየና በመዳፉ አቧራ ጠረገለት።

"ደግሞ እቀባለሁ" አለ። "መጀመሪያዎቹማ አስቀያሚ ነበሩ።"

አልነበሩም። እሱም ያውቃል።

አላርሙ ለሰኞ ነበር የተቀጠረው። መስኮቱን ግን ማሰብ ነበረብኝ። ወንድምጋሼ ነግሮኝ ነበር፣ "ከኋላ ያለውን መስኮት በብረት" ብሎ። በአንዱ ነገር ልክ ነበር። ደውዬ ነገርኩት፣ "መስኮቱ ላይ ልክ ነበርክ" ብዬ። "እሺ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር...

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ወንድምጋሼ ቁልፍ ይዞ ከሱቃችን ወጣ ገባ ሲል እንደዋለ የሱቁ ጎረቤት ነገረኝ። ምን እያደረገ ነው? ስልክ አያነሳም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ብዕሬ ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። በንዴት ነው፣ በሌላ አይደለም።

ጠዋት ሱቁ በር ላይ ስደርስ ተጣጣፊ የብረት በር ተገጥሟል። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የእስር ቤት። በያጁ ገና ጭንብሉን አላወለቀም። ደፉ ላይ፣ እኔ ጎማዬን አንከባልዬ የምገባበት ላይ፣ ወፍራም የብረት ሐዲድ ተበይዷል። በሩ የሚሄድበት። ጭኔ ላይ የያዝኩትን የቀለም ካርቶን እንደያዝኩ ተጠጋሁ። ጎማው ነካውና ቆመ። ወደ ኋላ ብዬ ደግሜ ሞከርኩ። ቆመ።

የራሴ ሱቅ። መግባት አልቻልኩም።

ወንድምጋሼ ከውስጥ ነበር። "አታስቢ" አለኝ። "ለፎቁ ጥበቃዎች ነግሬያቸዋለሁ። ጠዋት ለሁለት አንስተው ያስገቡሻል፣ ሲመሽ ያወጡሻል።"

"እኔ ፍሪጅ ነኝ?"

"እንዲህ አታውሪ። ለደኅንነትሽ ነው።"

"እሳት ቢነሳስ? ጥበቃዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሄደው ቢሆንስ?"

 ደከመው መሰለኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠራ ነው ያደረው። "ተሰርቀሻል እኮ!" አለ። "መስኮት ሰብረው ገብተው! አንቺ ውስጥ ብትሆኚስ ኖሮ? አስበሽዋል? እኔ አስቤዋለሁ። ከዓርብ ጀምሮ ሌላ ምንም አላሰብኩም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፣ ፈርቷል። ስለ ሱቁ አይደለም። ግን ፍርሃቱ በሬ ላይ ብረት በየደ። እሱ ሲፈራ እኔ ለምን እታሰራለሁ?

"ይነሳ" አልኩት።

"አይነሳም።"

"እንግዲያው እዚሁ ነኝ።"

ጥበቃዎቹ ሊያነሱኝ ጠጋ አሉ። "የነካኝ እጁን ይቁረጠው" አልኳቸው። ፍሬኔን ያዝኩ። ወንድምጋሼ ጥሎኝ ሄደ።

በሩ ላይ ዋልኩ። ፀሐይ ዞረ፣ ጥላ መጣ። ሰው ያልፋል፣ ያያል፣ አንዳንዱ ሳንቲም ሊሰጠኝ ኪሱን ይዳብሳል! "የሱቁ ባለቤት ነኝ፣ ልንከፍት ነው፣ ተመለሱ" እላለሁ። አንዷ ምን እንደምሸጥ ጠየቀችኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ቀለሞቹን አሳየኋት። በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ጨርሷል፣ ግን አልሄደም። ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ በጫማው መሬት ይቆፍራል። "አልነገሩኝም እኮ፣ እትዬ" አለኝ በመጨረሻ። "የሱቅ በር ሥራ ብቻ ነው ያሉኝ።"

ከሰዓት እማዬ መጣች። ወንድምጋሼ ልኳት ነው፣ እንድታግባባኝ። ገና ከሩቅ "ልጄ፣ እስቲ እልሽን..." እያለች መጣች። ከዚያ ሐዲዱን አየችው። ጎማዬን አየች። ደግማ ሐዲዱን። አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ከጎረቤት ወንበር አስመጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው።  ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"ልጄ፣ እኔም አልገባሁም" አለችው ወንድምጋሼን። "መግባት አቃተን። ና እይ።"

መጣ። ሁለታችንንም በር ላይ አየን። እማዬን "ተነሺ እንጂ፣ ሰው ያያል" አላት።

"ይየን" አለች።

ወንድምጋሼ ጎንበስ አለና ሐዲዱን በእጁ ነካው። ከፍታውን በጣቱ ለካ። ቀና ሳይል፣ እዚያው እንደተቀመጠ፣ በያጁን "ቁረጠው" አለው።

በያጁ መቁረጫውን ሲያስነሳ እማዬ ጆሮዋን ያዘች። እኔ አልያዝኩም። ያንን ድምፅ ሙሉውን ሰማሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ከበያጁ ጋር ተነጋገርን። በሩ ከላይ ተጠቅልሎ የሚወርድ ይሆናል፣ ደፉ ላይ ምንም የለም። ቁልፉ ዝቅ ብሎ፣ ከነእጀታው፣ ብቻዬን የምከፍተው። የኋላው መስኮት በብረት፣ የኋላው በር ከውስጥ በሚገፋ መቀርቀሪያ፣ እሳት ቢነሳ በክርኔም የሚከፈት። ወንድምጋሼ ቆሞ ሰማ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፣ ባንኮኒው ሥር የአላርም ቁልፍ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ተቀበልኩት።

ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ከፈትን! ቆም ብሎ የሚያይ፣ ዘው ብሎ የሚገባ፣ "ይሄ ለልጅ ነው ለአዋቂ?" የሚል... ሲስተር ሦስት የማታውቃቸውን ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ያለ ርኅራኄ አሸነፈቻቸው። ሦስቱም ገዙ። ጢሞ አዲስ ወታደር ይዞ መጣ፣ አንድ ብቻ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ። መስኮቱ ላይ ብቻውን ቆሟል። ያምርበታል።

ድምፄ ዘግቷል። ክንዴ ዝሏል። ከፊት ዋልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ዛሬ አንዱን ያዝኩ። እውነተኛውን።

ጥሩ ሱፍ የለበሰ፣ ሽማግሌ ሊባል ትንሽ የቀረው ሰውዬ። የካሜራው ሰውዬ ቢያየው ወንበር ይስብለት ነበር። እጁ ግን ነገረኝ። አንድ የካርታ ጥቅል በቀኝ አነሳ፣ በግራ ሌላ አገላበጠ፣ ቀኙ ባዶ ሆኖ ወጣ። እጅጌው ውስጥ ነው።

 ጣቴ አላርሙ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። በጠረጴዛዎቹ መኻል ነድቼ ወደ እሱ ሄድኩ። በሩና እሱ መኻል ቆምኩ።

"ጌታዬ፣ እጅጌዎ ውስጥ ያለው ለአራት ሰው ነው" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ሳይሆን እሱ እንዲሰማ። "ለብቻ አይጫወቱትም። ወይ ይክፈሉ፣ ወይ ይመልሱ።"

ከላይ ወደ ታች አየኝ። እንደለመድኩት። ልግፋት ብሎ ያሰበ መሰለኝ... ጎማዬን አላነቃነቅኩም። ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ወሬው ቆሟል፣ ሁሉም ቀና ብሏል። ጢሞ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ጣሪያ።

ካርታውን አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ሲወጣ መንገድ ለቀቅኩለት።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ውኃ ጠጣሁ። ሲስተር ካርታ በተነችልኝና "ተራሽ ነው" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ወንድምጋሼ በምሳ ሰዓት መጣ። መደርደሪያዎቹን ዞረ፣ ዞረ፣ አንዱን ሳጥን አነሳ፣ አስቀመጠ። የመጣበትን ለማውጣት ጊዜ ፈጀበት።

"ሱቄ ላይ ዕቃ ይጠፋብኛል" አለ። "ብሩሽ፣ ቁልፍ፣ ትንንሹ ነገር። ካሜራ አለኝ እኮ፣ በየጥጉ አለኝ። ግን... ያንቺ ሰዎች እንደዚያ ሰርቀው የሚያሳዩትን እኔ ጋ ቢሞክሩት። አንቺም ብታዪው።"

"ሱቅህ በር ላይ ደረጃ አለ" አልኩት።

ከአደጋው ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ስንገናኝ እማዬ ቤት ነው፣ ወይ መንገድ ላይ። እሱም አልጠራኝ፣ እኔም አላነሳሁት። አራት ዓመት!

"አውቃለሁ" አለ። "ነይ ላሳይሽ።"

በመኪናው ወሰደኝ። ሱቁ ፊት ለፊት አቆመና መስታወቱን አወረደልኝ። ደረጃው የለም። ሁለት ሠራተኞች እርጥብ ሲሚንቶ በእንጨት እየደለደሉ ነው፣ ከመንገዱ እስከ ደፉ፣ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ። ደንበኞቹ በጎን በሳንቃ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ፣ እያጉረመረሙ።

"ይረግጡብሃል" አልኩት።

"የረገጠውን እኔ ነኝ የምረግጠው።" መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ቶሎ ነበር የሚሠራው" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

"አዎ፣ ነበር" አልኩት። ምን ልበለው? ግድ የለም አልለውም። ግድ አለኝ።

"ዓርብ ይደርቃል።"

"ዓርብ እመጣለሁ።"

ከመኪናው ውስጥ ሆኜ በበሩ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ብሩሾቹን ከምሰሶው ጀርባ ነው የሰቀላቸው፣ ካሜራውም ባንኮኒውም ከማያዩበት። ካሁኑ ታየኝ። አልነገርኩትም።

ገብቼ ነው የምነግረው።